የእንጨት ዳዶ

በቀል የሰውን እጅ ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሚያደርግ ያየሁት ከመስኮቴ ነው። መስኮቴ የሚከፈተው በጎረቤቴ ብየዳ ቤት ግቢ ላይ ነው። ብዘጋው ቤቱ ይታፈናል፤ ብከፍተው ወሬ ይገባል። እኔ ደግሞ መታፈን አልወድም።

ስለዚህ ያን ቀን ዓሣ ጠባሹ በግቢው በር ሲገባ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። በያጇ ጀርባዋን ሰጥታ የመስኮት ብረት ትበይዳለች። ብልጭታው እስኪቆም በሩ ጋ ቆሞ ጠበቀ፤ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሻሻል። ብልጭታው ቆመ። ጥቁር መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች፤ ዞር አለች፤ አየችው።

መነጽሯን መልሳ ዓይኗ ላይ አወረደችው።

«ዝግ ነው» አለችው።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የበየደችው ብረት ገና ይጨሳል።

«ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት» አለ።

«ከተማው ውስጥ በያጅ አልቋል?»

«አላለቀም።»

ቀጥሎ የሚሉትን ለመስማት ከመስኮቱ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ግን መጀመሪያ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አለዚያ መዶሻውን ለምን አንስታ እንደያዘች አይገባችሁም።

ከዓመታት በፊት መንገዳችን ማዕዘን ላይ፣ ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ከሰል አንድዶ ዓሣ ይጠብስ ነበር። በርሜሉም የውሰት ነው። እሷ ያኔ ከአባቷ ጎን ቆማ የምትበይድ ልጃገረድ ናት። አንድ ቀን የበርሜሉ እጀታ ተሰብሮበት ይዞ መጣ፤ በየደችለት። በሳምንቱ እንደገና ተሰበረ። ከዚያም እንደገና። እኔ ብዙ እጀታ አይቻለሁ፤ በራሱ የሚሰበረውንና ሰው የሚሰብረውን እለያለሁ። እሷም ትለያለች፤ በያጅ ናት። ግን ዝም ብላ ትበይድለታለች፤ እሱም ዝም ብሎ ይሰብራል። በዚህ ዓይነት ተዋደዱ።

ኋላ ሰማያዊ ጨርቅ ገዛላት፤ ቀሚስ አሰፋችበት። እሁድ እመጣለሁ፣ አባትና እናትሽን አነጋግራለሁ አላት። እሁድ ደረሰ። አባትየው ከእጁ ላይ የብረት ጥላሸት እስኪለቅ በሳሙና ፈትጎ ታጠበ። ወንበር አልበቃ ብሏቸው ከእኔ ተዋሱ። እሷ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ፀሐይ ጠለቀች፤ ሰውየው የለም። በማግስቱ ማዕዘኑ ባዶ ነበር። በርሜሉም፣ ከሰሉም፣ እሱም የሉም። ወንበሮቼን ራሷ ተሸክማ መለሰችልኝ፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

ቀሚሱን በመቀስ ቆራርጣ የእጅ መጥረጊያ አደረገችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግሪስ የምትጠርገው በሱ ነበር። አባቷ በዓመቱ ሞተ፤ ብየዳ ቤቱ ለሷ ቀረ።

እንግዲህ ኮፍያውን እያሻሸ የቆመው ይህ ሰው ነው።

ጉዳዩን በአጭሩ ተናገረ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ የራሱን ዓሣ ቤት ሊከፍት ነው፤ ቅዳሜ። ግድግዳ ተጠግቶ የሚቆም በርሜል አለው፣ ከሰል አለው፣ ዓሣ አለው። ችግሩ የበርሜሉ ፍርግርግ ከሰሉ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረውም፤ ዓሣው ውጪው ጠቁሮ አጥንቱ ጋ ጥሬ ይቀርበታል። ስለዚህ ባለ እግር፣ ከፍ ብሎ የሚቆም ሌላ ፍርግርግ ይፈልጋል፤ እግሮቹም እንደ እሳቱ ከፍና ዝቅ የሚሉ። ታዲያ ሌላ በያጅ ጋ ለምን አልሄድክም ስትለው፣ እዚህ ቤት የተሠራ ነገር ወድቆ ስለማያውቅ ነው አለ።

ይህን ባይል ይሻለው ነበር።

ዝም ብላ አየችው። ከዚያ መዶሻውን አስቀመጠችና «ሐሙስ ና ውሰድ» አለች።

ደነገጥኩ። ብትሰድበው ይሻለኝ ነበር። እሷ ስትሰድብ ይወጣላታል፤ ሰው መሸሽ ያለበት ዝም ስትል ነው።

በነጋታው አጥሩ ላይ ተደግፌ ምን ልትሠሪለት ነው አልኳት። አልደበቀችኝም፤ አሳየችኝ። ዙሪያው ወፍራም ብረት ነው፤ መሃሉ ላይ ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረው ተበይደዋል። በአራቱም ማዕዘን ቀዳዳ አለ፤ በየቀዳዳው ረጅም ቡሎን ይገባል፤ እግሩ እሱ ነው። ከቀዳዳው ሥር አንድ ዳዶ፣ ከላይ አንድ ዳዶ፤ ሁለቱ ብረቱን መሃል አድርገው ግጥም አድርገው ይነክሱታል። ከፍ ይበል ሲባል የላዩን አላልቶ የሥሩን ወደ ላይ ማዞር ነው። መሰርሰሪያና መፍቻ ያለው ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል።

ዳዶዎቹ ሁሉ ብረት ናቸው፤ ከአንዷ በቀር። በግድግዳው በኩል ከሚቆመው እግር፣ ከሥር ያለችዋን፣ ከአሮጌ መዶሻ እጀታ ቀርጻ ሠራቻት። ስድስት ጎን አወጣችላት፤ ውስጧን በቡሎኑ ጥርስ ልክ ፈለፈለች፤ በዘይትና በጥላሸት አሽታ አጠቆረቻት። ከብረቶቹ መሃል ብትቀመጥ የወለዳት ዛፍ እንኳ አይለያትም።

«ከሰሉ እስኪግም ትሸከማለች» አለችኝ። ቀጥላ መዳፏን ዘረጋችና ቀስ ብላ ወደ ጎን አዘነበለችው።

በአዲሱ ቤቱ፣ በመጀመሪያ ቀኑ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ዓሣው አመድ ውስጥ፤ ስሙም ከዓሣው ጋር። ተዘጋጅቶ መጠበቅና ባዶ እጅ መቅረት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ይቅመሰው አለች። ስትናገር ድምጿ ከፍ አላለም። የልብስ ልክ የምትነግረኝ ነው የሚመስለው።

ሰው ቢቃጠልስ አልኳት። አስባበታለች፤ የሚዘነብለው ወደ ግድግዳው ስለሆነ ማንንም አይነካም። አንድ ደንበኛ ትቶት የሄደ ዚንክ የተነከረ ዘንግም ነበራት፤ እሱን አሽቀንጥራ ጣለችው። እሳት ሲነካው የሚተፋው ጭስ መርዝ ነው፣ እኔ የምፈልገው እሱን እንጂ በላተኛውን አይደለም አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በሞረድ ታለሰልስ ጀመር፤ የዓሣው ቆዳ እንዳይጣበቅ።

«ለሚወድቅ ነገር ይህን ያህል መሞረድ ምን ይባላል ልጄ?»

«ሥራዬ ነው እትዬ።»

ሴት ልጅ ለምትጠላው ሰው፣ ዓሣው እንዳይጣበቅበት ስትለፋ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቢሆንም እንዲወድቅ እኔም ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። ያን እሁድ ስትጠብቀው የተቀመጠችው በእኔ ወንበር ነው።

ሐሙስ ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ መጣ። ፍርግርጉን አገላብጦ አየ። ዘንጎቹን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ፊቱ ፈካ። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ያዝ እያደረገ ሞከረ፤ የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ጣቱ ትንሽ ቆየ። ቀና ሲል እሷ እጇን ትጠርጋለች፤ በሰማያዊ ጨርቅ።

«ይሄ ጨርቅ...» አለ።

«ጨርቅ ነው» አለች።

ፍርግርጉን ትከሻው ላይ አደረገ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ቅዳሜ ትመጪያለሽ ወይ አላት። እሱንማ ሳላይ አልቀርም አለችው፤ ፈገግም አለች። ያን ፈገግታ ሞረዷ ቢያየው በስለቱ ይቀናበት ነበር።

ዓርብ ዕለት የእኔ በር ማጠፊያ ተገነጠለ። የሚሆን ቁራጭ ልትፈልግልኝ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ያለውን የብረት ክምር ታገላብጥ ጀመር። እኔም አጠገቧ ቆሜአለሁ፤ ለእርዳታ ሳይሆን ለወሬ። ከሁሉ ሥር፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ በታች፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ፈታችው።

ፍርግርግ ነው። የቡሎን እግር ያለው።

አባቷ ፊደል ስላልቆጠረ የደንበኛ ስም አይጽፍም ነበር። በሠራው ነገር ጠርዝ ላይ የባለቤቱን ሙያ በሚስማር ይጭራል። ለልብስ ሰፊው መቀስ፣ ለሾፌሩ መሪ። የእኔ በር ላይ ጫማ አለ፤ ባለቤቴ ጫማ ሠሪ ነው። ፍርግርጉን ወደ ብርሃን አዞረችው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ዓሣ ተጭሯል።

ሦስት እግሮች ገብተዋል። ለአራተኛው የተበሳው ቀዳዳ ግን ቦታውን ስቶ፣ የብረቱን ጠርዝ በልቶ ወጥቷል።

«አባዬ ቀዳዳ ስቶ አያውቅም» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለብረቱ። ከዚያ እናቷን ጠራች።

እናትየው ከቤት ወጣች፤ የተጫረውን ዓሣ አየች፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ሳንጠይቃት ነው የነገረችን። የአባትየው ዓይን በብየዳው ብርሃን እየደከመ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ጨርሶ ሊጠፋ እንደደረሰ ግን ከእሷ ሌላ ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ እሁድ በፊት በነበረው ቀን ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ እስከ መንገዱ ማዕዘን ሄደ። ዓሣ ጠባሹን አልተቆጣውም፤ አላስፈራራውም። ለመነው።

«ልጄ ዓይኔ ናት፤ ዓይኔን አትውሰድብኝ አለው» አለች እናትየው። «እንዳይነግርሽም አስማለው። እኔም የሰማሁት ኋላ ነው፤ ቀሚሱን ስትቆራርጪ ካየ በኋላ። ይህን መሥራት ጀመረ። ይዤለት እሄዳለሁ፣ ይቅር በለኝ ብዬ እመልሰዋለሁ አለ። ያችን ቀዳዳ ሲስት መሰርሰሪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ብረት አልነካም። እኔም ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ መፈለግ ጀመርኩ። አላለቀሰችም።

«ሁለት ወንዶች ቆመው ስለ እኔ ተስማሙ» አለች። «እኔ የት ነበርኩ?»

«ቀሚስሽን ትተኩሺ ነበር» አለች እናቷ።

ይህ መልስ ከሁሉ የባሰ ሆነ። እኔ የዋህ፣ አሁን ይቅር ትለዋለች ብዬ ነበር። የጠላችው አንድ ሰው ነበር፤ ሁለት ሆኑ፤ አንደኛው ደግሞ መቃብር ገብቶ አመለጣት። ስለዚህ የሁለቱም ዕዳ በቀሪው ላይ ወደቀ። እትዬ ይግቡ አለችኝ፤ ማጠፊያዬም ሳይሠራ ቀረ። እስኪመሽ ድረስ የመሰርሰሪያው ድምፅ አልቆመም።

ቅዳሜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነበር። ሾፌሮቹ፣ ልብስ ሰፊው፣ እኔና ባለቤቴ። ዓሣዎቹ በአዲሱ ፍርግርግ ላይ ተደርድረዋል፤ ከሰሉ ግን አልተለኮሰም። ሰው ራበን እያለ ያጉረመርማል። እሱ ክብሪት ይዞ መንገድ መንገዱን ያያል።

መጣች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክማ። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አባዬ ለምኖህ ነበር?»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ራሱ። ቆይቶ ነው እንጂ ነግሮኛል። ለምን አልነገርከኝም?»

«ምያለሁ። እያየሁሽ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ሄድኩ። ስመለስ ደግሞ እሱ የለም። አባትሽን ከምትጠዪ እኔን ብትጠዪ ይሻላል አልኩ።»

«የምጠላውን ሰው አንተ ነህ የምትመርጥልኝ?»

ወደ ፍርግርጉ ጎንበስ አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አጠገቡ የቆምነው ብቻ እንድንሰማ አድርጎ ተናገረ።

«አንዷ ዳዶ እንጨት ናት።»

እሷ ቀጥ አለች። «መቼ አወቅክ?»

«ሐሙስ። በዚያ ብርድ ብረቶቹ ሁሉ ጣቴን አቀዘቀዙት። እሷ አላቀዘቀዘችኝም።»

«ለምን አልቀየርካትም?»

«አንቺ ነሻ የሠራሻት። ዘንጎቹን እንዴት እንዳለሰለስሽ አየሁ፤ ያን ጨርቅም አየሁ። መውደቁ የሚያሳርፍሽ ከሆነ ይውደቅ አልኩ። ሳልለኩስ የጠበቅኩሽም እንድታዪው ነው።»

በምታነቧቸው ታሪኮች እዚህ ጋ ሴቲቱ አልቅሳ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ባለቤቴም ክርኔን ጎሸም አደረገኝ፤ እሱም ይህንኑ ሲጠብቅ ነው። ጎረቤታችንን አላወቃትም።

«እንግዲያው ለኩሰው» አለችው።

ለኮሰው።

ከሰሉ ቀስ እያለ ያዘ፤ ቀላ፤ ጋመ። ከኋለኛው እግር ሥር ቀጭን ጭስ መጣ፤ የዓሣ ሳይሆን የእንጨት። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ያያሉ፤ ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስሉት። ዳዶዋ ጠሽ አለች። ፍርግርጉ ወደ ግድግዳው ዘነበለ። መጀመሪያ ትልቁ ዓሣ ተንሸራተተ፤ ሌሎቹም ተከታትለው ወረዱ። አመዱ ቦነነ።

ከዚያ አንዱ ሾፌር «ይሄ ጥብስ ነው ቀብር?» አለ፤ ሳቁ ፈነዳ። እኛ ለዚህ ነው የቆምነው የሚሉ ነበሩ፤ አውቶቡስ መጣ ብለው የሄዱም ነበሩ። እሱ አመድ እንደለበሰ መሃላቸው ቆመ፤ አልሸሸም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ጮክ ብሎ። «አንድ እሁድ ሰው አስለብሼ፣ ወንበር አስደርድሬ ቀርቻለሁ። ዛሬ የደረሰብኝ ይገባኛል።»

ይህን ጊዜ ሳቀች። ከዚያ እሁድ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም፤ ሳቋ እንደቆየ ማጠፊያ መጀመሪያ ተንቋቋ፤ ከዚያ ተፈታ። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሾፌሮቹ ከጨረሱ በኋላም እሷ አልጨረሰችም። በቀሏን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በላችው፤ ፍርፋሪ አላስተረፈችም።

ስትጨርስ ሰማያዊውን ጨርቅ ከኪሷ አወጣች፤ እጁን ያዘችና አመዱን ከጣቶቹ ላይ አንድ በአንድ ጠረገችለት።

«ከእንግዲህ ስለ እኔ ከማንም ጋር አትስማማም» አለችው። «ከእኔ ጋር ካልሆነ።»

«ከአንቺ ጋር ካልሆነ» አለ።

ከዚያ ጆንያውን ፈታች። የአባቷ ፍርግርግ ነው። አራተኛውን እግር አስገብታለታለች፤ አዲሱን ቀዳዳ የበሳችው ከሳተው ቀዳዳ አጠገብ ነው። የሳተውን አልደፈነችውም። ለምን እንደተወችው ኋላ ስጠይቃት፣ ዓይኑ እያየለት እንዳልሆነ እያወቀ የበሳው ነው፣ እሱን እንዴት ልድፈነው አለችኝ። አባቷን የማረችው ያኔ ይመስለኛል።

በርሜሉ ላይ አቆመችው። መዳፏን በላዩ ዘርግታ ሙቀቱን ለካች፤ ዳዶዎቹን በመፍቻ ትንሽ ወደ ላይ አዞረች፤ እንደገና ለካች። «አሁን ጥበስ» አለችው። የተረፉትን ዓሣዎች አመጣ። ቆዳቸው ሳይቀደድ፣ አጥንታቸው ጋ ጥሬ ሳይሆኑ ወጡ። ቀብር ነው ያለው ሾፌር ደግሞ ጨምሩልኝ አለ።

ልትሄድ ስትል ዞረችበት።

«ነገ እሁድ ነው። እማዬ ትጠብቅሃለች።»

«እመጣለሁ።»

«ብትቀር...»

«ብቀርስ?»

«ብየዳ ቤት አለኝ» አለችው።

በማግስቱ ወንበሮቼን ላደርስ ማልጄ ስወጣ፣ በራቸው ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ኮፍያው በእጁ፣ ጫማው ተወልውሎ፤ ባለቤቴ ነው የወለወለለት። ስንት ሰዓት እንደመጣህ አልጠይቅህም አልኩት፤ አይጠይቁኝ እትዬ አለኝ። በሩ ሲከፈት እሷ የሥራ ልብሷን ለብሳ ብቅ አለች። ሆን ብላ ነው። ዓይኑ ሲፈልግ አየችውና፣ ቀሚስ አንዴ ለብሼልሃለሁ አለችው። ሌላ ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ ነበር። እሱንም ተቀበለችው፤ ለመቼ እንደምታሰፋው ግን እስከ ሰርጉ ቀን ድረስ አልነገረችውም።

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። እሷ ብየዳ ቤቷን አልዘጋችም፤ እሱም ዝጊ ብሎ አያውቅም። ዓሣ ቤቱ ብትሄዱ እግር የሌለበት ቀዳዳ ያለው ፍርግርግ ታያላችሁ፤ ጠርዙ ላይ ዓሣ ተጭሯል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ ደግሞ ግማሽ ጎኗ የከሰለ የእንጨት ዳዶ በሚስማር ተሰቅላለች፤ ከአመዱ ውስጥ ፈልጎ ያወጣት እሱ ነው።

አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲዘገይባት እንደሌላው ሴት አትደውልም፤ አትጮህም። ወንበር ይዛ በራቸው ላይ ትቀመጣለች፤ ቢላዋ ታወጣና ቁራጭ እንጨት መቅረጽ ትጀምራለች። መንገድ ላይ ያዩዋት ሾፌሮች ሄደው ይነግሩታል።

ሮጦ ነው የሚመጣው።